የባሕር ማዶ መኖሪያ ወረቀት

ባለፈው ወር ከቡራዩ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው በዚያው ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል የሚሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የሚከታተል የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳላወጣበት ለምኖኛልና አላወጣበትም። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ በዚህ ገጽ ላይ ለብዙ ሰው ምክር ሲሰጡ አነባለሁ፤ የእኔንም ጉዳይ ይስሙልኝ። በሰፈራችን አንድ ሰው አለ፤ ሥራዬ ሰው ማገናኘት ነው ይላል። የአሜሪካ ዜግነት ያላት አንዲት ሴት እዚህ ድረስ መጥታ ታገባኝና ወረቀቴን ታስጨርስልኛለች፤ ከዚያ በኋላ እሷም በመንገዷ እኔም በመንገዴ እንሄዳለን። ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ግማሹ አስቀድሞ ይከፈላል። እኔ ይህን ያህል ገንዘብ በሕልሜም አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን አሸዋ ሜዳ ያለውን ቤታችንን ሊሸጥ ገዢ እያነጋገረ ነው። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ዝም ብላለች። ምን ይመክሩኛል?»

ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብሁት። እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት መሥመር መልሶ መተው ደግ አልመሰለኝምና፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ከአስኮ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቡራዩ ሄድሁ። ቡራዩ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የገፈርሳን የውሃ ግድብ በጉርብትና የያዘች ከተማ ናት፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃላለች። ኬላ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥንና ልጁ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሮ አጫወተኝ። በመጨረሻም፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ከያዝሁ በኋላ ማን ይነካኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ሻይ ይዛችሁ የምትነጋገሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለእሱ የነገርሁትን ለእናንተም ልነግራችሁ ወደድሁ። የውጭ አገር ሕጎችን ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለማመልከት «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ የእኛን ዓመት «ዓ.ም.» እለዋለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ሰው በባዕድ አገር የሚቆምበት ወረቀት ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ቪዛ ነው፤ ለጉብኝት፣ ለትምህርት ወይም ለተወሰነ ሥራ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ ባለቤቱ ይወጣል። ሁለተኛው የዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የያዘው ሰው በዚያ አገር ተቀምጦ እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ዜጋ አያደርገውም፤ ፓስፖርቱም የኢትዮጵያ እንደ ሆነ ይቀራል። አሜሪካኖች ለዚህ የሚሰጡት መታወቂያ በአንድ ወቅት ቀለሙ አረንጓዴ ስለ ነበር «ግሪን ካርድ» የሚባለው ስም እንደ ወጣለት ቀርቷል። ሦስተኛው ዜግነት ነው፤ ይኸውም የዚያ አገር ሰው መሆን ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያደባልቃል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ልዩነቱ ከባድ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችንም ሆነ በቦታው የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 378/1996፣ የሌላ አገር ዜግነት ወዶ የተቀበለ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱ እንደሚቀርበት ይደነግጋሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ግን ኢትዮጵያዊነቱ አይነካበትም። ስለዚህ «ወረቀት አገኘ» ሲባል፣ የትኛውን ወረቀት ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የባሕር ማዶ መኖሪያ ፍለጋ በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩት ወጣቶች አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን እንደ ያዙ ይመለሱ ነበር፤ አገር ቤት ወንበር ይጠብቃቸው ነበርና። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ሰው በእግሩ ወደ ሱዳን እየተሻገረ መሰደድ ጀመረ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚሁ በር ገቡ። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የምናየው ትልቅ ማኅበረሰብ፣ በሎስ አንጀለስም እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው ሰፈር መነሻው ይኸው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሁላችሁም የምታውቁት ዲቪ መጣ። ይህ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሕጉ ለዓለም ሁሉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ድረስ መድቦ፣ የአንድ አገር ሰዎች ከመቶ ሰባት እጅ እንዳያልፉ ወሰነ፤ ከተወዳዳሪውም 12ኛ ክፍል መጨረስን ወይም በሞያ የሁለት ዓመት ሥራ መሥራትን ጠየቀ። ኢትዮጵያውያን ዕጣው በብዛት ከወጣላቸው ሕዝቦች መካከል ነበሩ። በዚያው ልክ የዕጣ ፎርም እየሞላ ገንዘብ የሚሰበስበው፣ ዕጣ ለወጣለት ሰው «ሚስት» ወይም «ባል» የሚፈልገው ደላላ በረከተ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት ዕጣው ለጊዜው እንዲቆም ማዘዙን አስታወቀ። ዕጣ ይወጣልኛል ብሎ ሥራውን ትቶ ዓመት ከዓመት ሲጠብቅ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ማስታወቂያ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው፤ የበሩ ባለቤት ባለቤቱ ነው፤ ሲያሻው ይከፍታል፣ ሲያሻው ይዘጋል።

ጥገኝነትንና ዕጣን ትተን ብንመለከት፣ አገሮች ሕጋቸው ቢለያይም የዘላቂ መኖሪያ በሮች በዋናው ሦስት ናቸው፤ ዝምድና፣ ሥራና ገንዘብ።

ከዝምድና እንጀምር። በአሜሪካ ሕግ ዜጋ የሆነ ሰው ባሉን ወይም ሚስቱን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑትን ያላገቡ ልጆቹን፣ እሱም ራሱ 21 ዓመት ከሞላው ወላጆቹን ሲጠይቅ የዓመት የቍጥር ገደብ የለባቸውም። ወንድምና እኅት ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለያል፤ ለዚህ ክፍል ለዓለም ሁሉ የተመደበው ቪዛ በዓመት 65,000 ያህል በመሆኑ ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ እኅቱ ያመለከተችለት የ26 ዓመት ወጣት ተራው ሲደርስ አርባውን አልፎ ይገኛል ማለት ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ወንድሙንም ወላጆቹንም መጠየቅ አይችልም፤ የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ አጎት አባት ነው፣ አክስት እናት ናት፣ የአጎት ልጅም ወንድም ነው። በዚያ ሕግ ግን አጎትና አክስት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ ለዚህ ጉዳይ እንደ ዘመድ አይቈጠሩም። ብዙ ወጣት «አጎቴ አለልኝ» ብሎ የሚጠብቀው ነገር ከመነሻው የሌለ ነው። ደግሞም ጠያቂው ዘመድ ጥሪ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ የሚያስመጣውን ሰው ለመደገፍ የሚችል ገቢ እንዳለው በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ «አሁን አልችልም» ሲል ሁልጊዜ ጨክኖ አይደለም።

ሁለተኛው በር ሥራ ነው። በዚህ ረገድ ለወጣት ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ ካናዳ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1967 አመልካቾችን በነጥብ የምትመዝንበትን ሥርዐት በዓለም መጀመሪያ ሆና አቆመች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አሠራሩን በኢንተርኔት አድርጋ አፈጠነችው። የሚመዘነውም ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ችሎታ ነው። ለዕድሜ ከፍተኛው ነጥብ የሚሰጠው ከ20 እስከ 29 ዓመት ላለው ነው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በደላላ የሚገዛ አንድም የለም። የቋንቋውን ፈተና ሌላ ሰው ሊፈተንልህ አይችልም። የሥራ ልምዱን የሚመሰክረውም ዛሬ «ምን ያደርግልኛል» እያልህ የምትንቀው መሥሪያ ቤትህ ነው፤ የሠራህበትን ጊዜ፣ የሥራህን ዝርዝርና ደመወዝህን አስፍሮ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ የሚሰጥህ ደብዳቤ ወርቅ የሚሆንበት ቀን አለ።

ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2020 ለባለሞያዎች በሯን የሚያሰፋ ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። ሆኖም በአብዛኛው የሞያ ማስረጃው በዚያ አገር መታወቅ አለበት፤ ጀርመንኛም ማወቅ ያሻል፤ በተለይ ለነርስነት ያለ ቋንቋው የሚሆን ነገር የለም። እንዲህ ያለው በር ቀስ ብሎ ይከፈታል እንጂ ከተከፈተ በኋላ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰውዬው በመጀመሪያ በሥራ ፈቃድ ይገባል፤ ግብር እየከፈለ ጥቂት ዓመታት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ዘላቂውን ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህን ከዐረብ አገሮች የሥራ ኮንትራት ጋር ማምታታት አይገባም። በዚያ ለቤት ሠራተኛና ለጉልበት ሠራተኛ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው፤ አሥር ዓመት ቢሠሩበትም በራሱ ጊዜ ወደ ዘላቂ መኖሪያ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ያየነው መከራ ይህን ያስታውሰናል። እኅቶቻችን እዚያ ለፍተው ቤተሰብ የሚረዱበት ገንዘብ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የሚሄዱት ለኮንትራት እንጂ ለመኖር አለመሆኑን ዐውቀው ይሂዱ።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው፤ ይህን ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ለእኔና ለእናንተ አይሆንምና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለችው ሕግ፣ ባለገንዘቡ ቢያንስ 800,000 ዶላር፣ ከተመረጡት አካባቢዎች ውጭ ከሆነም 1,050,000 ዶላር አውጥቶ ለ10 ሠራተኞች ሥራ እንዲከፍት ትጠይቃለች፤ የገንዘቡንም ምንጭ ትመረምራለች። ይህም በር ቢሆን እንደ ሌላው ይዘጋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022፣ አየርላንድ በ2023፣ ስፔንም በ2025 ለባለሀብቶች ከፍተውት የነበረውን መንገድ ዘግተዋል። ከሀብታም ገንዘብ የሚሰበስበው መንግሥት እንኳ ሐሳቡን የሚለውጥ ከሆነ፣ በአንድ የጭቃ ቤት ዋጋ ዘላለማዊ መኖሪያ እገዛልሃለሁ የሚለው ደላላ በምን ኃይሉ ነው ቃሉን የሚጠብቀው?

አሁን ወደ ቡራዩው ልጅ ጉዳይ እንመለስ። ደላላው የሸጠለት ከሦስቱ አንዱን በር አይደለም። በግድግዳው ላይ በከሰል የተሣለ አራተኛ በር ነው።

ይህን ስለው ልጁ፣ «ግን እኮ ጋሼ፣ ብዙ ሰው በዚህ ሄዷል» አለኝ። እኔም እንዲህ ስል መለስሁለት። «የሄደ ሰው የለም አላልሁህም። ነገር ግን ምን ይዞ እንደ ሄደ እንቍጠረው። በመጀመሪያ ነገር ቆንስሉ ፊት ትቀርባለህ። የት ተዋወቃችሁ? እናቷ ስማቸው ማን ነው? በሠርጋችሁ ቀን ማን ማን ነበር? ይልሃል። በሐሰት የተማረ ሰው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ቢያልፍልህም ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የምትቀበለው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ያ ጊዜ ሲያልቅ አንተና እሷ አብራችሁ ፈርማችሁ፣ አብራችሁ መኖራችሁን በማስረጃ ማሳየት አለባችሁ። ይህም ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ስለ ሐሰት ጋብቻ ነው። እንግዲህ እሷ በመንገዷ አንተም በመንገድህ የምትሄዱት መቼ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ገመድህ በእጇ ነው። ሌላ ሚሊዮን ብትልህስ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ቀጠልሁ። «ሐሰቱ የተገለጠ እንደ ሆነ የአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ያስፈርዳል። ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ጊዜ በሐሰት ጋብቻ የተያዘ ሰው፣ ወደ ፊት እውነተኛ ሚስት አግብቶ እንኳ ብትጠራው ጥሪው ተቀባይነት አያገኝም። ያልተከፈተልህን በር ስትገፋ ነገ ሊከፈትልህ የሚችለውን ታሳሽገዋለህ።»

በአገር ቤት በኩልም ነገሩ ቀላል አይደለም። በማዘጋጃ ቤት ተፈርሞ የተመዘገበ ጋብቻ በሕጋችን ጋብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች በልባቸው «ለወረቀት ነው» ስላሉ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው በሞት ወይም በፍርድ ቤት ነው። በመካከሉ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ልጁ ነገ የሚወዳትን ሴት አግኝቶ ላግባ ቢል ባለትዳር ሆኖ ይገኛል። ገንዘቡን ተቀብሎ የጠፋ ደላላ ቢኖርስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሕገ ወጥ ነገር የተደረገ ውል ዋጋ የለውም ይላል። ከዳኛ ፊት ቆሞ «በሐሰት ሊያጋባኝ ተዋውሎ ከዳኝ» ብሎ የሚከስ ሰው፣ ከተከሳሹ በፊት ራሱን መክሰሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «ታዲያ መንገዱ ሁሉ ይህን ያህል ረጅም ከሆነ ዛሬ ምን ላድርግ?» ይለኝ ይሆናል። መልሱ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሐቀኛ ሆነው ሳለ ወረቀታቸው እርስ በርሱ እየተጣላ የሚመለሱ ሰዎች አያሌ ናቸውና፣ ዛሬውኑ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ አስታርቁት።

ከስም ጀምሩ። እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። ፈረንጁ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት የአባትና የልጅ «የቤተ ሰብ ስም» ይለያያል፤ መርማሪውም አባትና ልጅ መሆናቸውን ይጠራጠራል። እንደ ቡራዩ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመራል። ጫልቱ የተባለች ልጅ ስሟ በኦሮምኛው በቍቤ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል «ሲ» ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን «ሲ» እና «ኤች» ሆኖ ይጻፋል። የልደት ወረቀቷ በአንደኛው፣ ፓስፖርቷ በሌላው ከተጻፈ ለባዕድ ዐይን ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የልደቱ፣ የትምህርቱ፣ የመታወቂያውና የፓስፖርቱ ጽሕፈት አንድ ይሁን። ያለ አግባብ የተጻፈ ካለም ሳይቸኩሉ አስቀድሞ በሕጋዊው መንገድ ማሳረም ነው።

ቀጥሎ ቀኑን ተመልከቱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ ያለውን ልደት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ 7 ዓመት ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን ድረስ ግን 8 ይሆናል። በኅዳር 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 1997 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በየካቲት የተወለደው 1998 ነው። ይህን ባለማወቅ ራሳቸውን በአንድ ዓመት ያስረጁ ወይም ያሳነሱ ስንት ናቸው! ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ልዩ ልዩ ሕግ የሚጠብቃቸው ስለ ሆነ፣ የአንድ ዓመት ስሕተት የብዙ ዓመት ወረፋ ሊሆን ይችላል።

የቦታም ነገር አለ። የአባትየው የድሮ ወረቀት «ሸዋ» ይላል፤ የልጁ የቆየ መታወቂያ «ኦሮሚያ፣ ቡራዩ» ይላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው ደግሞ «ሸገር ከተማ» ይላል። ቦታው አንድ ነው፤ ስሙ ነው የተለዋወጠው። ይህን ባለሥልጣኑ በደብዳቤ ቢያስረዳ ለኋላ ይጠቅማል። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመላው አገሪቱ በአንድ ሥርዐት እንዲመዘገብ የታዘዘው በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁት ሁሉ የልደት ማስረጃችሁን ሳይቸግራችሁ በጊዜ አውጡ። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ የሆናችሁም፣ በእጃችሁ የምትጽፏት አንዲት ፊደል የሰው ዕድሜ ልክ ጉዳይ መሆኗን አስቡ።

ወረቀቱን ካገኙት በኋላስ? ልጁ «ማን ይነካኛል?» ብሎኝ ነበር። የሚነካው ሕጉ ራሱ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ሳይወስድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ቢቆይ መኖሪያውን እንደ ተወው ሊቈጠርበት ይችላል። በካናዳም ሕግ ባለፈቃዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን በዚያው አገር መኖር አለበት። «ዘላቂ» የሚባለው ነዋሪው ሲዘልቅበት ነው። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ እዚህ ተቀምጦ ለመኩራራት ያሰበ ሰው ወረቀቱም አብሮት አይቀመጥም።

ነገሩን ገልብጠን በራሳችን አገር ብናየው ደግሞ የበለጠ ይገባናል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሻሸመኔ መሬት ከሰጧቸው በኋላ፣ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች ኢትዮጵያን ወደው የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ነበሩ። እዚህ ኖሩ፣ ወለዱ፣ አረጁ። መንግሥት የመኖሪያ መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያለ ወረቀት ኖረዋል ማለት ነው። የእኛም ወገኖች በሌላ አገር ዜግነት ሲመለሱ በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት «ቢጫ ካርድ» ይሰጣቸዋል። ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አይመርጡም፤ አይመረጡም። አንድ ሰው በተወለደበት መንደር የመኖሪያ ካርድ ይዞ ሲመላለስ ማየት ለተመልካቹ ብዙ ነገር ያስተምራል። ይህን የምለው የሄደን ለመውቀስ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን በላባቸው ስንቱን ቤት አቁመዋል! የምለው፣ ወረቀት የሚሰጠው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚወስደውም እንዳለ ዐውቃችሁ እንድትመርጡ ነው።

ከሻይ ቤቱ ወጥተን ወደ ታክሲው ስንሄድ ልጁ መንገድ ላይ ቆም አለና፣ «አባቴ ቤቱን የሚሸጠው ለእኔ ብሎ ነው። እንቢ ብለው ይቀየመኛል» አለኝ። እኔም፣ «አባትህ ቤቱን የሚሸጥልህ ስለሚወድህ ነው። አንተም የማትሸጥበት ስለምትወደው ይሁን። ቤቱ ካለ፣ ሄደህ ባይሳካልህ የምትመለስበት አለህ፤ ከሄድህም አባትህ የሚያርፍበት አለው። ሂሳብህን ተማር፤ እንግሊዝኛህን አጠንክር፤ ወረቀትህን አስተካክል። ዕድሜህ 26 ነው፤ ካናዳም ብትል ጀርመን ገና ጊዜ አለህ» አልሁት። ተሰነባብተን ተለያየን።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ደብዳቤ ላከልኝ። አባቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኵርፈውት ከረሙ፤ በመጨረሻ ግን ገዢውን መለሱት። እናቱ የዚያን ዕለት ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተዋል። እሱም የልደት ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም ከፓስፖርቱ ጋር እንደማይገጥም አይቶ ሊያሳርም ማመልከቻ አስገብቷል። ይህ ሁሉ ደስ አሰኝቶኝ ሳለ የደብዳቤው መጨረሻ ግን እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ደላላው ከእኔ ጋር ነገሩን ጨርሶ ከኛ በታች ሦስተኛው ግቢ ያለውን ልጅ ይዟል። የእነሱም ቤት ሊሸጥ ነው ይባላል።»

አንተ የሦስተኛው ግቢ ልጅ፣ ይህ መጽሔት እጅህ የገባ እንደ ሆነ፣ ቀብዱን ሳትከፍል ወደ ጎረቤትህ ጎራ በል። በሩ ሩቅ አይደለም፤ የሚያውቀውንም ሳይደብቅ ይነግርሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።